ጥቁር አዝሙድ በዘይት መዘፍዘፍ፦ ከጎንደር ጓዳ ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ስትደውል «አክስቴ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ሲቢዲ ዘይት ቤቱ እየሠራ ነው፤ አሠራሩን ልላክልሽ?» አለችኝ። ላከችው። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሳቄ መጣ። የካናቢሱን ቅጠል አድርቁ፣ ገርደፍ አድርጉ፣ ዘይት ውስጥ ጨምሩ፣ ለስለስ ባለ ሙቀት ሰዓታት አቆዩ፣ በጨርቅ አጥልሉ፣ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ። ይኼ እኮ ቅቤ ማንጠር ነው! ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ መዓዛውን ለቅቤ የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። እናቶቻችን ስም ሳያወጡለት ስንት ዘመን ሠርተውታል።

ሲቢዲውን እዚህ አገር እንዳታስቡት። የሚወጣው ከካናቢስ ነው፤ ሰው ሐሺሽ ከሚለው። አሜሪካኖቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት የእርሻ ሕግ አስካሪው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚሉት፣ ከ0.3 በመቶ የማይበልጥበትን ዝርያ ፈቅደዋል። በዚያው ዓመት የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣናቸው ከሲቢዲ የተሠራ ኤፒዲዮሌክስ የተባለ መድኃኒት ለሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች አጽድቋል። እኛ ጋ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አለ፤ ማምረቱም መያዙም መጠቀሙም ያስጠይቃል። ደግሞም ያ መድኃኒት በሚሊግራም ተለክቶ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነው። ቤት የተሠራ ጠርሙስ ውስጥ ስንት እንዳለ ሠሪውም አያውቀው።

ዘዴው ግን የማንም አይደለም። እኔም ለልጅቷ «አንች ያንችን ተይና እኔ የኔን ልላክልሽ» ብዬ የጥቁር አዝሙዱን ጻፍኩላት። ከዚያ ጎረቤት ጠየቀኝ፣ የሥራ ባልደረባ ጠየቀኝ፤ እንግዲህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ልገላገል።

ከመጀመራችሁ በፊት፣ ስለ ውሃ

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። መጀመሪያ ስሠራ ዘሩን እንደ ስንዴ አጥቤ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ማታ ደርቋል ብዬ ዘይት ውስጥ ጨመርኩት። ሲያዩኝ ዝም አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ጠርሙሱን ብድግ ሳደርገው ከሥር እንደ እንባ የምትንከባለል ጠብታ አየሁ፤ ዘይቱ ደብዝዟል፤ ክዳኑን ስከፍተው እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ያን ጊዜ ነው የተናገሩት፦ «አንች፣ ቅቤ መሰለሽ እንዴ? ቅቤ ውሃውን በጩኸት ይነግርሻል። ዘይት ዝም ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅቤ ውስጥ ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ውሃ ነው። እሳት ላይ ሲጣድ ይንጣጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፤ ጩኸቱ ሲቆም ውሃው አልቋል ማለት ነው። ሴት ሁሉ ይህን በጆሮዋ ታውቀዋለች። እኛ አሁን የምንሠራው ዘይት ግን እስከዚያ ሙቀት አይደርስም፤ እንዲደርስም አንፈልግም። ስለዚህ በዘሩ፣ በዕቃው፣ በጨርቁ የገባ ውሃ በእሳት አይወጣም፤ እዚያው ተደብቆ ይቀመጥና ሻጋታና ጀርም ያበቅላል። ከዚህ በታች የምታነቡት ግማሹ «አድርቁ» የሚል ነው። ቢሰለቻችሁም አትዝለሉት።

የሚያስፈልገው

ለአንድ ጊዜ ሥራ 100 ግራም ጥቁር አዝሙድና ግማሽ ሊትር ዘይት። ሚዛን ከሌለ አንድ መካከለኛ የውሃ ብርጭቆ ሙሉ ዘር ወደ 100 ግራም ይጠጋል። ትንሽ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ችግር የለም፤ አንድ እጅ ዘር ለአምስት እጅ ዘይት መሆኑን ያዙ።

ዕቃው ደግሞ፦ ሰፌድ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ አፉ ሰፊ የሆነ የብርጭቆ ዕቃ (የማር ወይም የማርማላታ ይሆናል)፣ እሱን የሚውጥ ድስት፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ንጹሕ ጨርቅ፣ መንቆርቆሪያ፣ በመጨረሻም ቡናማ ጠርሙስ። የሳል ሽሮፕ የሚመጣበት ዓይነት ጠርሙስ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ በሳሙና ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ተገልብጦ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን ክብ ላስቲክ አውጥታችሁ አድርቋት፤ ውሃ የምትደብቀው እሷ ናት። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁም ጎንደር ራሷ ትረዳችኋለች፤ እንዴት እንደሆነ እሳቱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ዘሩን መግዛት

ቅዳሜ ገበያ ከሄዳችሁ ቅመም ከሚሸጡት እናቶች ዘንድ ጥቁር አዝሙድ አታጡም። ከደምቢያ የመጣ መሆኑን ጠይቁ፤ በዚያ በኩል ያለው ገበሬ ጥቁር አዝሙድ በማምረት የታወቀ ነው። የዘንድሮ ምርት ይሁን፤ አዲሱ መኸር ተሰብስቦ ሲያልቅ ይገባል። ያለፈው ዓመት ዘር ቀለሙ አይለወጥም፤ ዓይን አይለየውም፤ አፍንጫ ግን ይለየዋል።

የምለየው እንዲህ ነው። ቆንጠር አድርጌ መዳፌ ላይ በአውራ ጣቴ ጠበቅ አድርጌ አሻለሁ። ጥሩ ዘር ወዲያው ጫን ያለ፣ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ ይሰጣል፤ ለጉንፋን በጨርቅ ቋጥረን የምናሸተው እኮ ለዚሁ ነው። ከዚያ አንድ ሁለት ፍሬ በፊት ጥርሴ እነክሳለሁ። የደረቀ ከሆነ ቀጭ ይላል፤ ከውስጥ ነጭ ነው፤ መረር ብሎ ምላስ ላይ ይፋጃል። ለምለም ብሎ ከተጨፈለቀ አልደረቀም፤ አትግዙ።

የሽንኩርት ዘር ተቀላቅሎ ሊሸጥላችሁም ይችላል። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ማዕዘናም ናቸውና ሩቅ ሆኖ ማንም አይለያቸውም። ስታሹት ሽንኩርት ሽንኩርት ካለ ወይም ምንም ካልሸተተ ተዉት። አንዴ አንዷን ሻጭ «ይኼ የሽንኩርት አይደለም?» ብላት «የኔ እናት፣ ምላስሽን ጠይቂው» አለችኝ። ጠየቅሁት፤ እውነቷን ነበር፤ ከሷ ገዛሁ፤ አሁን ደንበኛዋ ነኝ።

ነጭ አዝሙድ ሌላ ተክል ነው። በዚህኛው ምትክ አትጠቀሙበት።

ዘይቱን መምረጥ

እዚህ ላይ ሰው ይከራከረኛል። ኑግ የለመደ ኑግ ይላል፤ የኑግ ሽታ ያለበት ወጥ እኔም እወዳለሁ። ለዚህ ሥራ ግን ሰሊጥ ነው የምመርጠው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቅባት ነው፤ ይህ ደግሞ አየርና ብርሃን ሲነካው ቶሎ ሽታውና ጣዕሙ ይበላሻል። ሰሊጥ ውስጥ ሰሳሚንና ሰሳሞሊን የሚባሉ ይህን መበላሸት የሚያዘገዩ ነገሮች በተፈጥሮ ስላሉ ረጅም ይቆያል። ደግሞ ሰሊጥ የጎረቤታችን ነው፤ የመተማና የሁመራ ቆላ ነጩን ሰሊጥ ዓለም በስሙ ነው የሚገዛው።

ሰሊጡ ሳይቆላ የተጨመቀ ይሁን። የተቆላው ጥሩ ሽታ አለው፤ ግን አዝሙዱን ይውጠዋል። ስትገዙ ከዘይት መጭመቂያ ቤት በቀጥታ ብትወስዱ ይሻላል። አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲጠጣ የከረመ ዘይት ገዝቼ፣ ስንት ሰዓት ደክሜ፣ መጨረሻ ላይ የአሮጌ ቀለም ሽታ ያለው ጠርሙስ ታቅፌ ቀርቻለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱ፤ አሽትቱ። ሻጩ ቅር ቢለውም ይበለው።

የሚረጋ የፓልም ዘይት አይሆንም፤ በጎንደር ብርድ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋባችኋል። የወይራ ዘይት ያለው ሰው ይጠቀም፤ ዋጋውን ግን እሱ ያውቃል።

ማበጠርና ማድረቅ

ዘሩን ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ አበጥሩ፤ ከዚያ አንገዋልሉ፤ ጠጠሩ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። የቀረውን በእጅ ልቀሙ። አትጠቡት። «ሳይታጠብ እንዴት?» የሚል ካለ፣ ንጹሕ ጨርቅ ጥቂት ጥቂት እየያዘ ይሸው፤ ጨርቁ ላይ የሚቀረውን አቧራ ያየዋል። መታጠብ ግድ ከሆነባችሁ ግን በአንድ ቀን ፀሐይ አይደርቅም፤ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን፣ ማታ ማታ ወደ ቤት እያስገባችሁ፤ የጎንደር ጤዛ ቀን የደረቀውን ሌሊት ያረጥበዋል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ፀሐይ ለዚህ ተስማሚ ነው። ክረምት ላይ ከሆነ እንጀራ ጋግራችሁ ስትጨርሱ እሳቱ የጠፋለት፣ ለብ ያለ ምጣድ ላይ አስጡት። ይህ ማመስ አይደለም። የመዳፋችሁን ጀርባ ምጣዱ ላይ አድርጋችሁ እስከ አሥር መቁጠር ካልቻላችሁ ገና ትኩስ ነውና ጠብቁ።

የእህቴ ልጅ የላከችው አሠራርና የእኛው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በእነሱ ዕፅ ውስጥ ያለው ነገር ጥሬውን አሲድ ሆኖ ስለሚቀመጥ መጀመሪያ ምድጃ ውስጥ ከ110 ዲግሪ በላይ ያጋግሩታል፤ ሲቢዲ የሚሆነው በሙቀት ነው። የእኛው ተቃራኒ ነው። የጥቁር አዝሙድ ዋናው ነገር ቲሞኪኖን የሚባለው ሲሆን በሚተነው የመዓዛው ዘይት ውስጥ ነው ያለው፤ ብታምሱት ይተናል። ቤቱ በሙሉ በአዝሙድ ሽታ ከታወደና ጎረቤት «ምን እየሠራሽ ነው?» ብላ ከመጣች፣ መዓዛው ጎረቤት ሄዷል፤ ጠርሙሳችሁ ውስጥ የለም። እኔ በደንብ ስሠራ ሽታውን የሚያገኘው ዕቃው ላይ ያጎነበሰ ሰው ብቻ ነው።

መውቀጥ

ሙቀጫው ደረቅ መሆኑን እዩ፤ ትናንት ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ዘሩን ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ገርደፍ አድርጉት። እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት ቦታ ቢሰበር ይበቃል። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሰበር ዘይት ውስጥ ቢከርምም ብዙ አይሰጥም። እንደ ዱቄት ካላማችሁት ደግሞ ማጥለሉ መከራ ነው፤ ጨርቁን ይደፍነዋል፣ ዘይቱ ለሳምንት ጥቁር ጭቃ መስሎ ይቀራል። የቡና መፍጫ ማሽን ያለው ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ጨቆን ለቀቅ ያድርገው፤ አያስኪደው፤ ምላጩ ይሞቃል።

ዘሩ ራሱ ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ ቅባት ስለሆነ ስትወቅጡት ዘነዘናው ላይ መለጠፍ ይጀምራል። ያ ሲሆን በቃ ማለት ነው። ወቅጣችሁ አታሳድሩት፤ እዚያው ወደ ዘይቱ ይግባ።

እሳቱ

የተወቀጠውን አፈ ሰፊው ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና ዘይቱን አፍሱበት። በደረቅ የእንጨት ማንኪያ አማስሉ፤ አየር ከሥር አረፋ እየሠራ ይወጣል። ዘሩ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ዘይት ይትረፍ።

ድስቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አንጥፉ፤ ያለዚያ ብርጭቆው ብረት ነክቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብርጭቆውን አስቀምጡና ዙሪያውን ውሃ ሙሉ፤ ውሃው ከዘይቱ ከፍታ ትንሽ ዝቅ ይበል። አሁን ጎንደር የምትረዳችሁ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ እንደሚሆነው 100 አይደርስም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዘይት ብትዘነጉት እንኳን ከዚያ አያልፍም፤ አያርም። ቢሆንም 93 ለእኛ ብዙ ነው። የምንፈልገው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ነው።

ያለ ቴርሞሜትር እንዴት ይታወቃል? ውሃው ላይ ስስ እንፋሎት ይታይ፤ ከድስቱ ሥር ግን አረፋ አይነሣ። አንዲት አረፋ ከሥር ተነሥታ ከወጣች እሳቱን ቀንሱ ወይም አንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ከሰል ላይ ከሆነ የምትሠሩት ፍሙን በአመድ ሸፍኑት፤ ቡና ሦስተኛ ሲጣድ የሚቀረው ዓይነት እሳት ነው የሚያስፈልገው። እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙ ጊዜ ቡና ካፈላሁ በኋላ በቀረው ፍም ነው የምሠራው።

በዚህ ሙቀት ሦስት ሰዓት ይቆይ፤ በየግማሽ ሰዓቱ አንዴ አማስሉ። መብራት ጠፍቶ ስቶቩ ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ፤ ሲመጣ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ዘይት የሚበላሸው በችኮላ እሳት እንጂ በመቆም አይደለም።

ብዙዎች እዚህ ላይ ስለሚሳሳቱ አንድ ነገር ላክል፦ ድስቱን አትክደኑት። ከከደናችሁት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ ጠብ ጠብ እያለ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ቀን የደከማችሁበት ድርቀት በአንድ ክዳን ይጠፋል። ብርጭቆውን ብቻ በደረቅ ጨርቅ ሸፍኑ። ጨርቁ ከረጠበ ቀይሩ። ብርጭቆውን ስታወጡትም ዙሪያውን አድርቃችሁ ነው ማዘንበል፤ ከውጭ የተንጠለጠለች ጠብታ ከዘይቱ ጋር ተንቆርቁራ ትገባለች።

ፀሐይ የሚመርጥ ሰው እሳቱን ትቶ ብርጭቆውን በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ሦስት ሳምንት ያስቀምጠው፤ በየቀኑ ይነቅንቀው። ወረቀቱ ብርሃኑን ይከለክላል፣ ሙቀቱን ያስገባል። ጥሩ ይወጣል። በክረምት ግን አትሞክሩት።

ማሳደርና ማጥለል

እሳቱ ሲወርድ ወዲያው አታጥልሉ። ተሸፍኖ ይደር። ጠዋት መንቆርቆሪያው ላይ ጨርቁን ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ ዘይቱን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ጨርቁ ቀደም ብሎ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ተተኩሶ ይሁን፤ ትኩስ ካውያ የመጨረሻዋን እርጥበት ያወጣል።

መጀመሪያ በራሱ ይውረድ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ ጨርቁን ሰብስባችሁ ጨመቅ አድርጉ፤ በጭመቃ የወጣውን ግን ከመጀመሪያው ጋር አትቀላቅሉት። በራሱ የወረደው ጥርት ያለ፣ ወርቅ መሰል ሆኖ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። የተጨመቀው ደፍረስ ይላል፤ ቶሎ ለሚያልቅ ነገር፣ ለሰላጣ ወይም ለፀጉር ይሁን። ከግማሽ ሊትሩ አንድ ሲኒ ያህል ዝቃጩ ይጠጣዋል፤ ጎደለብኝ ብላችሁ አትጨነቁ።

ጥርት ያለውን ሁለት ሦስት ቀን ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ደቃቁ ከሥር ይረጋል። ከዚያ እንደ ጠላ ሳትበጠብጡ ከላይ ከላይ ወደ ቡናማው ጠርሙስ አዘንብሉ። የመጨረሻውን አንድ ጣት ተዉት፤ ውሃ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ጠርሙሱን ብርሃን ፊት ይዛችሁ ዘንበል ስታደርጉት ከሥር ብቻዋን የምትሮጥ ጠብታ ካያችሁ፣ ደጋግማችሁ አዘንብሉ ወይም ያን ጠርሙስ በሳምንት ውስጥ ለፀጉር ጨርሱት፤ አይበላም።

ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ሙሉት፤ ባዶ ቦታ ማለት አየር ማለት ነው። አንድ ትልቅ ጠርሙስ ደጋግማችሁ እየከፈታችሁ ከምትዘጉ አምስት ትንንሽ ይሻላል። ፕላስተር ለጥፋችሁ ምን እንደሆነና የተሠራበትን ቀን ጻፉ። ከምድጃ ራቅ ያለ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ በሰሊጥ የተሠራው ስድስት ወር ያህል እቆጥርለታለሁ፤ በኑግ የተሠራውን በሁለት ወር እጨርሰዋለሁ። የአሮጌ ቀለም ወይም ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ሽታ ካመጣ ቀኑን አትዩ፤ ድፉት።

ሌላ ነገር መጨመር ይቻላል?

ከደባርቅ በኩል የሚመጣው የስሜን ጦስኝ በጣም ይስማማዋል። የደረቀ መሆን አለበት፤ ከአዝሙዱ ሩቡን ያህል። የደረቀ ዝንጅብልም ይሆናል፤ ኮሰረትም እንዲሁ።

ጤና አዳም ግን ቆዳ ላይ ለሚቀባ ዘይት አታድርጉ። ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጥ ነገር አለበት፤ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው እሳት እንደነካው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ለቡናችሁ አቆዩት።

ከሁሉ የምፈራው ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ነው። «ነጭ ሽንኩርት ብጨምርበት ለጉንፋን አይበረታም ወይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ውሃ አለው፤ ከአፈር ይዞት የሚመጣ ጀርምም አለው፤ ዘይት ደግሞ አየር ይከለክላል። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን መርዝ የሚሠራው ጀርም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ አየር የሌለበት፣ እርጥበት ያለው፣ የማይቀዘቅዝ ቦታ። መርዙ ሽታም ጣዕምም አይለውጥም፤ ሰው ግን ይገድላል። ለእራት የምትፈልጉት ከሆነ ዕለቱን ሥሩትና ብሉት፤ ፍሪጅ ውስጥም ከአራት ቀን በላይ አታቆዩት። ቁም ሣጥን ውስጥ ከቶ አይቀመጥ።

አጠቃቀም፣ ከነጥንቃቄው

ለምግብ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰላጣ ላይ፣ ፉል ላይ፣ የጾም ሽሮ ከወረደ በኋላ ጠብ ማድረግ። እሳት ላይ እያለ አትጨምሩት፤ የጠበቃችሁት መዓዛ ሁሉ ይሄዳል። ለፀጉር በጣት ጫፍ ሥሩ ላይ አሽቶ አንድ ሰዓት ቆይቶ መታጠብ። ለደከመ ጉልበትና ትከሻ ማሸት። አማቴ ማታ ማታ ጉልበታቸውን ሲያሹበት «ዘይቱ ነው ወይስ ያንች እጅ?» ይሉኛል፤ እኔም አላውቅ፣ ሁለቱም ይሆናል።

ቆዳ ላይ ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ ውስጠኛው ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና እስከ ነገ ጠብቁ፤ ጥቁር አዝሙድ የሚያሳክካቸውና ቆዳቸውን የሚያቀላ ሰዎች አሉ። ዓይን ውስጥ አይገባም። የሚመግል ጆሮ ውስጥ አይጨመርም፤ ልጅ ሲያለቅስ ጆሮው ላይ ሞቅ ያለ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቤት አውቃለሁ፣ እባካችሁ ተዉ። ጥቁር አዝሙድ የደም ግፊትንና ስኳርን ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የግፊት፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወጥ ላይ ከሚገባው በላይ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡርም እንደ መድኃኒት አትጠጣው። መድኃኒቱን ጥሎ በዚህ የሚተካ ሰው ካለ ደግሞ ጠርሙሴን መልሱልኝ እላለሁ።

ዝቃጩን አትድፉት

ጨርቁ ውስጥ የቀረው የተወቀጠ አዝሙድ ገና መዓዛ አለው፣ በዘይትም ርሷል። በዚያው ቀን ድፎ ዳቦ ከሆነ የምትደፉት ሊጡ ውስጥ ጨምሩት፤ ለሁለት ኪሎ ዱቄት ሁለት እፍኝ ይበቃል፤ የሊጡን ዘይት በዚያው ልክ ቀንሱ። ዳቦ የማትደፉ ከሆነ ፍሪጅ ይግባና በነገው እንጀራ ፍርፍር ላይ ይለቅ። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ግን ውጭ ላለው የጽጌረዳ ሥር ነው፤ ዶሮዎቹ ካልቀደሟችሁ።